እንደ ቤተሰብ የምትቆጠር

ሀኪማ ሙሕሲንን በቅርብ ያወቅኋት በቅጣት ወደ ማህደር ክፍል በተላከች ጊዜ ነው። እኔ ሙሰዲቅ እባላለሁ። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ ስሙን ባልጠራው በሚሻል አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የአሠሪና የሠራተኛ ክርክር በሚታይበት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የሀኪማ ስም ሲነሳ ግማሹ ሰው ይረግማታል፤ ግማሹ ያመሰግናታል። ሁለቱም ወገን እውነቱን ነው።

አባቷ አቶ ሙሕሲን የድሬዳዋ ነጋዴ ነበሩ። በወጣትነታቸው በባቡር መጥተው ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ጨርቅ መሸጥ ጀመሩ፤ እዚያው አገቡ፣ እዚያው ወለዱ። ሚስታቸው ወይዘሮ ሩቅያ ከባላቸው እኩል ሱቅ ይውሉ ስለነበር ልጆቹን ያሳደገቻቸው ሠራተኛዋ አፀደ ናት። አፀደ ከአሰበ ተፈሪ ስትመጣ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ ሀኪማ ደግሞ ገና የሦስት ዓመት ልጅ። ሰፈሩ የሚያወራው ሶማሊኛና ዓረብኛ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ፈረንሳይኛ። አማርኛውን ሀኪማ ከአፀደ አፍ ለቀመችው። አድጋም እንኳ አማርኛ ስትናገር ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማት ሰው የአሰበ ተፈሪ ገበሬ ልጅ እንጂ የጅቡቲ ነጋዴ ልጅ አትመስለውም ነበር።

ያ አማርኛ እንጀራዋ ሆነ። ሕግ ተምራ ስትጨርስ መሥሪያ ቤታችን የቀጠራት በእሱ ነው። መስኮታችን ላይ በየጠዋቱ የሚሰለፉት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ነበሩ፤ ቋንቋቸውን የሚሰማ ተቆጣጣሪ ግን አልነበረንም። እኔ እሰማለሁ፤ ግን ጸሐፊ ነኝ፣ የታዘዝኩትን ነው የምጽፈው። ሀኪማ የመጣች ሰሞን ልጆቹ ለመክሰስ ሳይሆን ለማውራት ብቻ የሚሰለፉ እስኪመስል ድረስ ወረፋው ረዘመ።

በሁለተኛው ዓመቷ፣ በነሐሴ ሙቀት፣ አንዲት ሠራተኛ መጥታ ጎረቤቷ ቤት ሰው ተቆልፎበታል አለች። ቤቱ ራስ ዲካ የሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ነው። ባለቤቱ ስሙ ሲጠራ ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርግለት ሰው ነበር። ሀኪማ አለቃዋን ሳታስፈቅድ ሁለት ፖሊስ ይዛ ሄደች። ጣሪያው ላይ በቆርቆሮ በተሠራች ክፍል ውስጥ፣ ከውጭ ተቆልፎባት፣ ሀዊ የምትባል የሃያ ዓመት ልጅ አገኙ። ሳህን ሰብራ ነው። አራት ቀን ሆኗት ነበር፤ በቀን አንድ ጠርሙስ ውሃ ይቀመጥላታል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ደም ቋጥሯል። ሀኪማ ልታነሳት ስትጎነበስ ልጅቷ፣ «ቀስ ብለሽ አውሪ እህቴ፤ ማዳም ተኝታለች» አለቻት።

ፓስፖርቷ ማዳም እጅ ነበር። ማዳም ነገ እሰጣለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሰጣለሁ ስትል ፖሊስ ጣቢያ ሀዊን ወረቀት ጠየቋት። የላትም። ያለ ፈቃድ የተገኘች ተብላ ከሌሎች ጋር ታሰረች። ሀኪማ በሦስተኛው ቀን ፓስፖርቱን አስለቅቃ ስትሮጥ እስረኞቹን የጫነው መኪና ወደ ደወሌ ድንበር ሄዷል። የቆለፉባትን የጠየቃቸው የለም።

የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁላችንም እንደ ፈረንሳዮቹ «ሙሴ» የምንላቸው ዓብዱልመጂድ፣ በሳምንቱ አስጠሯት። እኔ ቃለ ጉባኤ ልይዝ ጥግ ተቀምጫለሁ። ሙሴ ዓብዱልመጂድ ተቆጥተው አያውቁም። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ሰው ሲቀጡም ወንበር ስበው ያስቀምጡታል።

«ልጅቷ አሁን የት ናት?»

«ሀገሯ መልሰዋታል።»

«ፓስፖርቷስ?»

«እኔ ጋ ነው።»

«እንግዲህ ቤት ነበራት፣ ቤት አሳጣሻት። ወረቀት ነበራት፣ ያለ ወረቀት ሰደድሻት» አሉ። «እኛ ዳኞች አይደለንም ልጄ፤ አስታራቂዎች ነን። ማህደር ክፍል ገብተሽ ጥቂት ዕረፊ።»

ጥቂቱ ሦስት ዓመት ሆነ።

ማህደር ክፍል መስኮት የለውም። ያለው አየር የሚያራግብ አንድ ቫንቲላተር ነው፤ እሱም መብራት ሲኖር። እኔ ፋይል ላመላልስ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እገባ ነበርና ተግባባን። አፀደ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ከካርቲየ 2 በእግሯ ምሳ ታመጣላታለች። ሁለት ሰሐን ነው የምታመጣው። «ጸሐፊው ከስቷል፤ እሱም ይብላ» ትላለች። ሀኪማ እስክትበላ ቆማ ትጠብቅና ዕቃዋን ሰብስባ በዚያ ፀሐይ ተመልሳ ትሄዳለች። ጋቢ የሚያህል ጥቁር ሻሽ አጥፋ አናቷ ላይ ታደርግ ነበር፤ ለፀሐዩ።

አንድ ቀን ሀኪማ ሰሐኗን ገፋ አድርጋ፣ «ሀዊን ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኝ እንዴ?» አለችኝ።

«አይደለሽም» አልኳት። ግን ሳላመነታ አልነበረም፤ ማመንታቴን ሰማችው።

በሦስተኛው ዓመት ማለቂያ ለሙሴ ዓብዱልመጂድ የይቅርታ ደብዳቤ አስጻፈችኝ። አጭር ነበር። «አስታራቂ መሆኔን ዘንግቼ ነበር» የሚል ቃል አለበት። በወሩ ወደ መስኮቷ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ የነበረችው ሀኪማ ሌላ ሰው ናት። ሠራተኛዋንና ማዳሟን ፊት ለፊት ታስቀምጣለች። ለማዳም በፈረንሳይኛ ወይም በሶማሊኛ አጎንብሳ ትናገራለች፤ ለልጅቷ በዚያ በአፀደ አማርኛ፣ «እቴ፣ አንቺም እኮ ቤት ነው የምትፈልጊው፤ እሷም ሰው ነው የምትፈልገው» እያለች ታባብላለች። ልጅቷ ታለቅሳለች፤ ትፈርማለች፤ ከማዳሟ ጋር በአንድ መኪና ትመለሳለች። እንዲያ በዕርቅ ያበቃ ጉዳይ እንጂ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ በዓመቱ ውስጥ አንድም አልነበረም። የተመለሱት ልጆች ቤት ሲደርሱ ምን እንደገጠማቸው የሚጻፍበት ቅጽ ስላልነበረን አናውቅም። አንዷ ብቻ፣ በተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቃ ሞተች። መስኮት ስታጸዳ ነው ተባለ። ሀኪማ ፋይሉን አስወጥታ የዕርቁን ወረቀት ደጋግማ አነበበችው። ፊርማው ትክክል ነበር። መልሳ ሰጠችኝ።

እያደገች ሄደች። ሙሴ ዓብዱልመጂድ ለቤት ሠራተኞች የውል ናሙና ይዘጋጅ ሲባል እንድታረቅቅ የሰጡት ለእሷ ነው። እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፤ ስምንት ወር አልተኛችም። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በሠራተኛ ላይ በር መቆለፍ ክልክል፣ ፓስፖርት በባለቤቱ እጅ፣ እያለች ጻፈች። ዛሬ እሑድ ወይም ዓርብ በባሕሩ ዳር ጓደኞቻቸውን ይዘው የሚንሸራሸሩ ልጆች ቢኖሩ በእሷ ነው። ውሉን በሚያጸድቀው ኮሚቴ ውስጥ ግን ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ በየቤታቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ ያለች አንዳንድ አሮጊት ሠራተኛ አለች። አንፈርምም አሉ።

ሙሴ ዓብዱልመጂድ መንገድ አሳዩዋት። «እነዚያን ለይተሽ አውጪልን፤ ሌላውን ሁሉ እናጸድቅልሻለን።»

ለይታ አወጣች። አንቀጽ አራት፦ ከአሥር ዓመት በላይ ከአሠሪዋ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በፍቅርና በመተሳሰብ የኖረች ሴት እንደ ቤተሰብ ትቆጠራለች እንጂ እንደ ሠራተኛ አትቆጠርም። «በፍቅርና በመተሳሰብ» የሚለውን የጨመረችው ራሷ ናት። ዘጠኙም ፈረሙ። አንደኛው ሲያነበው እንባ አቀረረ።

ውሉ ሲወጣ ለሠራተኞቹ እንዲዳረስ ሀኪማ በድምፅዋ መልእክት ቀዳች። በየስልኩ ተላለፈ። «እህቴ፣ መብትሽን እወቂ፤ ሠርተሽ ከሆነ መሥራትሽን የሚመሰክር ወረቀት ይገባሻል። ነይ፤ መስኮቴ ክፍት ነው» ይላል። አንቀጽ አራትን አይጠቅስም። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የተፈቀደላት።

አፀደ የመጣችው በአራተኛው ወር፣ እሑድ ጠዋት፣ የሥራ ሳምንት በሚጀመርበት ቀን ነው። ሃያ ከማይሞላቸው ልጆች ኋላ ተሰልፋ ቆማለች። ያን ጊዜ አቶ ሙሕሲን ከሞቱ ዓመት አልፏቸዋል። የሀኪማ ታላቅ ወንድም ከይረዲን የካርቲየ 2ን ቤት ሸጦ እናቱን ወደ አፓርታማው ወስዷል፤ አፀደን ግን፣ «ክፍል የለንም፤ ዓይንሽም ደክሟል፤ ዘመዶችሽ ጋ ብትሄጂ ይሻልሻል» ብሎ አሰናብቷታል። ዓይኖቿን ሞራ ሸፍኗቸው ነበር። አምቡሊ ሰፈር አንዲት የምታውቃት ሴት ጋ ተጠግታለች። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ፖሊስ ሲያስቆማት «የሙሕሲን ቤት ሰው ነኝ» ማለት ይበቃት ነበር። አሁን የሙሕሲን ቤት የለም፤ አፈሳው ደግሞ በየሳምንቱ ሆኗል። የመኖሪያ ፈቃድ ለማውጣት የሥራ ምስክር ወረቀት ያስፈልጋታል።

ሀኪማ ስታያት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚህ ለምን መጣሽ?» አለቻት።

«ስልክ ደወልኩ፤ አላነሳሽም።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው። ቤት መጥቼ እናወራው ነበር እኮ።»

«የቱ ቤት፣ ሀኪምዬ?»

ሀኪማ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችና ወንበር እንድሰጣት አደረገች። አፀደ በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች።

«በስልክ ያልሽውን ሰማሁት» አለች። «ልጆቹ ደጋግመው ከፈቱልኝ። ከወረቀቱ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። መሥራቴን ብቻ ጻፊልኝ።»

ሙሴ ዓብዱልመጂድ ከሁለት ወር በኋላ ጡረታ ሊወጡ ነበር፤ በቦታቸው የሚታሰበው የሀኪማ ስም ነው። ያንን ወረቀት ከጻፈች፣ የውሉ ናሙና አርቃቂ ቤተሰብ አንዲት ሴት አርባ አንድ ዓመት ያለ ውልና ያለ ፈቃድ አሠራ ማለት ነው። ይህን አልተናገረችም። ግን እዚያው ጠረጴዛ ነበርኩና፣ ሲመጣባት አየሁት።

«አንቺ እኮ ሠራተኛ አይደለሽም» አለቻት። «ቤተሰብ ነሽ። ሕጉም የሚለው እንደዚያ ነው።» ከዚያም አንቀጽ አራትን አነበበችላት፤ ከፈረንሳይኛው ወደ አማርኛ እየመለሰች፣ በአፀደ በራሷ አነጋገር።

አፀደ እስከ መጨረሻው ሰማች። «ደግ ነገር ነው የተጻፈው» አለች። «እንግዲያው የቤተሰብ ወረቀት ስጪኝ።»

«እሱ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው።»

«አንቺ ጻፊልኝ። አክስቴ ናት በይ፤ ያሻሽን በይ። የሙሕሲን ቤት ሰው ናት የሚል ይሁን እንጂ።»

ሀኪማ ወደ እኔ ዞረች። በፈረንሳይኛ ታስጽፈኝ ጀመር፦ አመልካቿ የቤተሰቡ አባል መሆኗን አምና አቤቱታዋን በፈቃዷ አንስታለች። ጣቶቼ ቆሙ። ቀና ብዬ አየኋት።

«ጻፍ» አለችኝ። ጻፍኩ።

«ምን ይላል?» አለች አፀደ።

«መምጣትሽንና መናገርሽን ይላል። እዚህ ላይ አውራ ጣትሽን አድርጊ።»

መስመሩ አልታያትም። እጇን ይዛ ጣቷን በቀለሙ ነክራ ቦታው ላይ ያስቀመጠችላት ሀኪማ ናት። አፀደ ቅጂውን አጥፋ በደረቷ ሸጎጠች። «ተባረኪ» አለች። ልትወጣ ስትል ደግሞ ዞር ብላ፣ «ከስተሻል መሰለኝ፤ ድምፅሽ ቀጥኗል» አለቻት። እኔንም በስሜ ጠርታ ተሰናበተችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት አምቡሊ አፈሳ ነበር። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ደዋዩ ፖሊስ ትሑት ሰው ነበር። አንዲት አሮጊት ከእናንተ መሥሪያ ቤት ወረቀት አለኝ ትላለች፤ ከሥሩ ስማችሁ ስላለ ልጠይቅ ብዬ ነው አለ። ሀኪማ ከሙሴ ዓብዱልመጂድ ጋር ስብሰባ ላይ ነበረች። ገብቼ በጆሮዋ ነገርኳት። ወጥታ ስልኩን ተቀበለችኝ።

«ወረቀቱ ምን ይላል?» አለችው።

አነበበላት።

«እንግዲያው ጉዳዩ ተዘግቷል» አለችና ስልኩን አስቀመጠች። ትንሽ ቆመች። እኔም ቆምኩ። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ መልሳ ትደውል ነበር ብዬ አሁን አስባለሁ። አልተናገርኩም። ወደ ስብሰባው ተመለሰች። አፀደ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሠላሳ ሰዎች ጋር በጭነት መኪና ወደ ደወሌ ተወሰደች።

ሀኪማ የክፍሉ ኃላፊ ሆነች። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አንቺ» ማለቱን ትቼ «እርስዎ» እላት ጀመር። አልከለከለችኝም።

ወይዘሮ ሩቅያ ግን በልጃቸው አፓርታማ ውስጥ ምግብ አልበላም አሉ። ሌላ ሰው ገላቸውን ሲያጥባቸው ይጮኻሉ። አፀደ የት ናት ሲሉ ከይረዲን፣ «ቁልቢ ልትሳለም ሄዳለች» ይላቸዋል። «ቁልቢ ስንት ወር ይሳለማሉ?» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ከይረዲን እህቱን፣ «ሄደሽ አምጪልን፤ ኡሚ ልትሞትብን ነው» አላት።

አፀደ ድሬዳዋ ዘመድ እንዳላት እናውቅ ነበር፤ እኔም የድሬዳዋ ልጅ ነኝና አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። ነጋድ ከሚባለው ጣቢያ በባቡር ሄድን። ሁለት ቀን ስናጠያይቅ ቆይተን ሳቢያን የተባለው ሰፈር ውስጥ፣ የእህቷ ልጅ ቤት ደጃፍ፣ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ዓይኗ ፈጽሞ ጠፍቷል። ሀኪማ ገና «እንደምን ዋልሽ» ስትል ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች።

ሀኪማ መሬት ላይ ተንበረከከች። ይቅርታ የምትጠይቅ መስሎኝ ነበር። «ኡሚ አንቺን ካላየሁ ብላለች» አለች። «ሁሉን አስተካክዬልሻለሁ። ውል አምጥቼልሻለሁ፤ ፈቃድሽንም እኔው አወጣዋለሁ።» ከቦርሳዋ ባለማኅተሙን ውል አውጥታ ታነብላት ጀመር።

አፀደ እጇን አንስታ አስቆመቻት። «ሙሰዲቅ አለ?»

«አለሁ» አልኳት።

«አንተ አንብብልኝ።»

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ጉሮሮዬን ጠርጌ አፌን ልከፍት ስል፣ «ተወው» አለችኝ። «ያኛውንም አንተው ነህ የጻፍከው። ደወሌ ላይ ፖሊሱ በሶማሊኛ አነበበልኝ።»

ከቤቱ ውስጥ የእህቷ ልጅ ዕቃ ስታጥብ ይሰማል። ቆይታ አፀደ እንዲህ አለች፦ «እትዬ ሩቅያን ከቧንቧ በወረደ ውሃ እንዳታጥቧቸው። የጅቡቲ ውሃ ያቃጥላል፤ እሳቸው ደግሞ ቆዳቸው ስስ ነው። ማታ ቅዱና አሳድሩት።» ሌላ ነገር አልተናገረችንም። ሀኪማ ብትለምናት፣ እጇን ብትይዝ፣ እጇን አልነጠቀቻትም፤ አልጨበጠቻትምም።

ወይዘሮ ሩቅያ ከሁለት ወር በኋላ ሞቱ።

ሐዘኑ እንዳበቃ ሀኪማ ኮሚቴውን ሰበሰበች። አንቀጽ አራት ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ይዛ ቀረበች፤ ስድስት ገጽ ነው፤ የተየብኩት እኔ ነኝ። ዘጠኙም መጡ። ሙሴ ዓብዱልመጂድ በአማካሪነት ሰብሳቢ ሆነው ተመልሰው ነበር። በትዕግሥት አዳመጧት፤ ሲያበቃም ውሉን ገለጥ አድርገው አንቀጹን ጮክ ብለው አነበቡት።

«በውሉ ውስጥ ልብ ያለው አንቀጽ ቢኖር ይኸ ነው» አሉ። «‹በፍቅርና በመተሳሰብ›። እኛ ማንኛችንም እንዲህ መጻፍ አንችልም ነበር። ራስሽ የጻፍሽውን እኛ እናፍርሰው?»

እጅ ይውጣ ተባለ። ከሀኪማ እጅ በቀር የወጣ አልነበረም። ሙሴ ዓብዱልመጂድ በር ድረስ ሸኟት፤ ሐዘን ሰውን እንደሚያደክም፣ ጥቂት ብታርፍ ጥሩ እንደሚሆን በለስላሳ ድምፃቸው ነገሯት።

ኮሪደሩ ላይ ወረቀቶቿን ይዤ ከኋላዋ እሄድ ነበር። ድንገት ቆመች።

«አንተ ቤትስ ማን አለች?» አለችኝ።

«ሁዳ» አልኳት።

«እናንተ ቤት ከገባች ስንት ዓመት ሆናት?»

«አሥራ አራት።»

ወረቀቶቹን ከእጄ ተቀብላ ቢሮዋ ገባች። በሩ ፊት ያን ጠዋት አሥራ ሁለት ልጆች ተሰልፈው ነበር፤ የመጀመሪያዋን ጠራቻት።